አንድ አንቴና ለስንት ሬዲዮ ይበቃል?

በቅርቡ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ይዘው የመጡት አንድ ጥያቄ ነው። ጣራ ላይ ያለው አንቴና አንድ ነው። ቤት ውስጥ ያሉት ሬዲዮዎች ግን ሁለትና ሦስት ናቸው። ሲግናሉ ሳይዳከም ለሁሉም እንዴት ይድረስ? መልሱ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አይደለም። የምትሰሙት ሞገድ ይለያያል። ያላችሁበት ቦታም ይለያያል። ሬዲዮው የሚቀበል ብቻ ነው ወይስ የሚልክም ነው የሚለው ደግሞ ከሁሉም በላይ ለውጥ ያመጣል። ስለዚህ አምስት ደብዳቤዎች መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ ቆይቻለሁ፤ የሌሎቹም መሠረት እዚያ ነው ያለው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እንደምን ከረምሽ? ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። አጭር ሞገድ መስማት የወጣትነት ልማዴ ነው፣ እስከ ዛሬ አልተውኩትም። ከጣራው ጫፍ እስከ ግቢው ባሕር ዛፍ ድረስ 20 ሜትር ያህል ሽቦ ዘርግቻለሁ። ሦስት ሬዲዮ አለኝ። አንዱ የቆየ ትልቅ የጠረጴዛ ሬዲዮ ነው፣ አንዱ ዲጂታል ነው፣ ሦስተኛው ልጄ ከውጭ የላከልኝ ከኮምፒውተር ጋር የሚሠራ ትንሽ መቀበያ ነው። የሦስቱንም ሽቦ ልጬ ከአንቴናው ጋር አንድ ላይ ጠመዘዝኩት። ለየብቻ ሲከፈቱ ጥሩ ናቸው። አብረው ሲከፈቱ ግን ፉጨት ይመጣል፣ አንዱም ይደክማል። አንዱን ሲግናል ለብዙ የሚያካፍለውን የቴሌቪዥን ስፕሊተር ልገዛ ስል አንድ ባለሙያ «ግማሹ ሲግናል ይጠፋል፣ ቡስተር (ማጉያ) ካልጨመሩበት አይሆንም» አለኝ። ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ፦ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስፕሊተሩን ይግዙ። ቡስተሩን ይተዉት። ምክንያቱን ላስረዳዎ።

ከፉጨቱ እንነሳ። ትልቁ ሬዲዮዎ ጣቢያ ለመያዝ ውስጡ የራሱን ትንሽ ሞገድ ያመነጫል። ይህ ሞገድ ብዙውን ጊዜ ከሚሰሙት ጣቢያ 455 ኪሎኸርዝ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ሬዲዮውን 9.700 ሜጋኸርዝ ላይ ካደረጉት 10.155 ላይ ደካማ ሞገድ ተፈጥሯል ማለት ነው። ሬዲዮው ብቻውን ሲሆን ማንም አያስተውለውም። ሽቦዎቹ አንድ ላይ ሲጠመዘዙ ግን በቀጥታ ወደ ጎረቤቱ ሬዲዮ ይገባል። ኤፍ ኤም ላይም ያው ነው፤ እዚያ ልዩነቱ 10.7 ሜጋኸርዝ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንዱ ሬዲዮ 91.4 ላይ ቢቆም፣ በዚያው አንቴና ሸገር 102.1ን የሚሰማውን ሌላ ሬዲዮ ሊረብሸው ይችላል። ሁለቱን ቁጥሮች ይደምሯቸው፣ ልክ እዚያ ያርፋል።

ድካሙም ምክንያት አለው። ሬዲዮዎች ከአንቴና የሚመጣውን ኃይል በየራሳቸው መጠን ነው የሚወስዱት። ይህን የሚወስነው በኦም የምንለካው የመግቢያቸው ተቃውሞ ነው። የኮምፒውተሩ መቀበያ ለ50 ኦም የተሠራ ነው። የቆየው ሬዲዮ ደግሞ እንደሚሰሙት ባንድ (የሞገድ ክልል) ይለዋወጣል፤ አንዳንዴ ብዙ መቶ ኦም ይሆናል። በባዶ ሽቦ ሲገናኙ እኩል አይካፈሉም። ዝቅተኛ ኦም ያለው አብዛኛውን ይወስዳል፣ ሌላው የተረፈውን ያገኛል። የአንዱን ባንድ ሲቀይሩ የሌላው ድምፅ ከፍ ዝቅ ሲል አስተውለው ይሆናል። ከዚህ ነው የሚመጣው።

ስፕሊተር ይህን ለማስተካከል ነው የተሠራው። ክዳኑን ቢከፍቱት ትንሽ የፌራይት ቀለበት፣ ዙሪያው ጥቂት ዙር ቀጭን ሽቦ፣ አጠገቡ አንድ ሬዚስተር ያገኛሉ። ያን ያህል ቀላል ነው። ግን ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ እኩል ያካፍላል። ሁለተኛ መውጫዎቹ እርስ በርስ እንዳይተያዩ ያደርጋል። ደህና ስፕሊተር ከአንዱ መውጫ ወደ ሌላው የሚያልፈውን ኃይል ወደ መቶኛ ወይም ከዚያ በታች ያወርደዋል። ፉጨቱን የሚያጠፋልዎ ይህ ሁለተኛው ሥራው ነው። ሰዎች ስለ ስፕሊተር ሲያወሩ ስለ ብክነቱ ብቻ ነው የሚያወሩት። እኔ ዋናው ጥቅሙ ይህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ «ግማሹ ይጠፋል» እንምጣ። ባለሙያው ቁጥሩን አልሳተም። ለሁለት ሲከፈል እያንዳንዱ ግማሹን ያገኛል፤ ይህን 3 ዴሲቤል እንለዋለን። ዕቃው ራሱ ትንሽ ስለሚያባክን በተግባር 3.5 አካባቢ ይሆናል። ለአራት ሲከፈል 7 ያህል፣ ለስምንት ሲከፈል 11 ያህል ነው። ባለ ሦስት መውጫ የቴሌቪዥን ስፕሊተር አብዛኛውን ጊዜ እኩል አይደለም፤ አንዱ መውጫ ላይ 3.5፣ ሁለቱ ላይ 7 ተብሎ ይጻፋል። በ3.5ቱ ላይ ከሦስቱ ሬዲዮዎች ደካማውን ያድርጉት። ኤሌክትሪክ ሳይሰካበት ለሁሉም ሬዲዮ ሙሉውን የሚሰጥ ሳጥን የለም። አለ ብሎ የሚሸጥልዎ ካለ አይግዙ።

ግን ግማሽ መጥፋቱ ይጎዳዎታል ወይ? በአጭር ሞገድ ላይ አይጎዳዎትም። ሰኞ ገበያ መሐል ቆመው ወዳጅዎ እያወራዎት ነው እንበል። ጆሮዎን በእጅዎ ትንሽ ቢሸፍኑት የወዳጅዎም ድምፅ፣ የገበያውም ጫጫታ እኩል ይቀንሳሉ። ወዳጅዎን የመስማት ችሎታዎ አልተለወጠም። አጭር ሞገድም እንዲሁ ነው። ከአንቴናዎ የሚመጣው ጣቢያው ብቻ አይደለም፤ የሩቅ መብረቅ ድምፅ፣ የከተማው ኤሌክትሪክ ጫጫታ አብረው ይመጣሉ። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በሚጠቀምበት ስሌት መሠረት በመኖሪያ ሰፈር በ10 ሜጋኸርዝ ላይ ይህ የውጭ ጫጫታ ከተፈጥሮው ዝቅተኛ ወለል 45 ዴሲቤል ያህል ከፍ ይላል። ገጠር ውስጥ 40 ይጠጋል። የሬዲዮዎ የራሱ ጫጫታ 15 ዴሲቤል ቢሆን፣ ስፕሊተሩ 7 ቢጨምርበት 22 ይሆናል። ከ45 ጋር ሲነጻጸር ገና ሩቅ ነው። ስለዚህ ስፕሊተሩ ጣቢያውንም ጫጫታውንም እኩል ያወርዳል። እርስዎ ድምፁን ትንሽ ከፍ ያደርጋሉ፣ በቃ።

ይህን ያለ ምንም መሣሪያ መፈተሽ ይችላሉ። ስፕሊተሩን ያስገቡ። አንድ ሬዲዮ ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ ያቁሙና የሚሰማውን ሽሽታ ያዳምጡ። ከዚያ የአንቴናውን ገመድ ከስፕሊተሩ ይንቀሉት። ሽሽታው በደንብ ከቀነሰ እየሰሙ ያሉት የውጭውን ጫጫታ ነው፤ ስፕሊተሩ ምንም አላሳጣዎትም። ሲነቅሉትም ሲሰኩትም ለውጥ ከሌለ ግን ሬዲዮው የራሱን ጫጫታ ነው የሚያሰማዎት። ያኔ ብክነቱ እየጎዳዎ ነው። በየባንዱ ይሞክሩት፤ ቀን ላይ በከፍተኛዎቹ ባንዶች ውጤቱ ሊለይ ይችላል። በ20 ሜትር ሽቦ ግን ችግር ይገጥምዎታል ብዬ አልጠብቅም።

ቡስተሩን ለምን እንደከለከልኩዎት ልንገርዎ። ቡስተር ጣቢያውንም ጫጫታውንም አብሮ ያጎላል። በዚህ ላይ ኃይለኛ ጣቢያዎች ሲበዙበት ይደባልቃቸዋል። 9.500 እና 9.600 ላይ ሁለት ኃይለኛ ጣቢያዎች ካሉ ርካሽ ቡስተር 9.400 እና 9.700 ላይ የሌሉ ጣቢያዎችን ይፈጥርልዎታል። እነዚህ ውጭ የሉም፤ የተወለዱት ሳጥኑ ውስጥ ነው። ለብዙ ሬዲዮ የሚሆን፣ ማጉያ ያለው ጥሩ ማከፋፈያ በዓለም ላይ አለ፤ ብዙ መቀበያ በአንድ አንቴና የሚያሠሩ የአድማጭ ጣቢያዎች ይጠቀሙበታል። የእነርሱ ማጉያ ግን የማከፋፈሉን ብክነት ብቻ እንዲተካ ነው የሚስተካከለው፣ ከዚያ አይዘልም። ለሦስት ሬዲዮ አያስፈልግዎትም።

ሲገጥሙ ልብ የሚሏቸው ነገሮች አሉ። ረጅሙን ሽቦ በቀጥታ ስፕሊተሩ ላይ አይሰኩት። መሐል ላይ ዘጠኝ ለአንድ የሚባለውን ትንሽ ትራንስፎርመር ያስገቡ፤ የሽቦውን ከፍተኛ ኦም ወደ 50 ያወርደዋል። በአንድ ፌራይት ቀለበት ላይ ሦስት ሽቦ አብሮ በመጠምጠም ይሠራል። አንድ የብረት ካስማ መሬት ውስጥ ይቅበሩና ከትራንስፎርመሩ የመሬት ጫፍ ጋር ያያይዙት። መጋጠሚያዎቹን በስታኞ ይበይዷቸው። ከዚያ ወደ ቤት የሚገባው የዲሽ ገመድ ይሁን። የዲሽ ገመድ 75 ኦም ነው፣ ሬዲዮዎ 50 ነው ብለው አይጨነቁ። በዚህ ልዩነት የሚጠፋው ከ0.2 ዴሲቤል በታች ነው፤ ጆሮ አያውቀውም። የማይጠቀሙበት መውጫ ካለ 75 ኦም ሬዚስተር ያለበት መዝጊያ ይግጠሙበት።

ስፕሊተሩ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ለዲሽ የሚሸጠው አንዳንዱ 950–2400 ሜጋኸርዝ ይላል፤ እርሱ ለእርስዎ አይሆንም። የሚፈልጉት 5–1000 የሚለውን ነው። 5 የሚለው ግን መካከለኛ ሞገድን አያካትትም። 873 ኪሎኸርዝ ላይ የኢትዮጵያ ሬዲዮን መስማት ከፈለጉ በዚህ ስፕሊተር በጣም ይደክማል። ለዚያ ሦስት ሬዚስተር ይበቃዎታል፤ እያንዳንዳቸው 16 ወይም 18 ኦም፣ ከአንድ ነጥብ ወደ ሦስት አቅጣጫ። አንዱ ጫፍ ለአንቴናው፣ ሁለቱ ለሬዲዮዎቹ። 6 ዴሲቤል ያባክናል፣ ሬዲዮዎቹንም ያን ያህል አይለያያቸውም። ግን መካከለኛ ሞገድ ላይ የውጭው ጫጫታ ከአጭር ሞገድም ስለሚበልጥ 6 ዴሲቤል አያሳስብም።

ደግሞ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ነገር ያድርጉልኝ። መብራት በጠፋ ምሽት ሬዲዮዎን በባትሪ ይክፈቱት። ወይም ብሬከሩን ራስዎ ያውርዱት። ልዩነቱን ሲሰሙ ይገርምዎታል። የስልክ ቻርጀር፣ ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል፣ የዲሽ ሪሲቨር መመገቢያ፣ እነዚህ ናቸው አጭር ሞገድን የሚገድሉት። አንድ በአንድ እየሰኩ ጥፋተኛውን ይለዩት። ከማንኛውም ስፕሊተርና ቡስተር በላይ የሚሰጥዎ ይህ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ነጎድጓድ ከመምጣቱ በፊት ገመዱን ከቤት ውጭ ይንቀሉት። አደራ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ሁለት የዩኤስቢ መቀበያ አለኝ። በአንዱ ሜቴዎር የሚባሉትን የአየር ሁኔታ ሳተላይቶች በ137.9 ሜጋኸርዝ፣ በሌላው ዓለም አቀፉን የጠፈር ጣቢያ በ145.800 መቀበል እፈልጋለሁ። አንቴናዬ አንድ ነው፣ ከሕንፃው ጣራ ላይ ነው። ስፕሊተር ሳስገባ የሳተላይቱ ሥዕል በባዶ መስመር ይሞላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አንተ ጋ ነገሩ ይገለበጣል። ከላይ ለጋሼ «ብክነት አያሳስብዎ» ብያለሁ። በ137 ሜጋኸርዝ ላይ ግን የውጭው ጫጫታ በጣም ያነሰ ነው፣ ሲግናሉም ደካማ ነው። እዚህ የሚወስነው የራስህ መሣሪያ ጫጫታ ነው። ስለዚህ ከአንቴናው እስከ መቀበያው ድረስ የምታባክነው እያንዳንዱ ዴሲቤል ከሥዕሉ ላይ ይቀነሳል።

መፍትሔው ትንሽ፣ ጫጫታዋ ዝቅተኛ የሆነች ማጉያ ነው። ቁም ነገሩ የምትቀመጥበት ቦታ ነው። አንቴናው ሥር፣ ከገመዱም ከስፕሊተሩም በፊት መሆን አለባት። አብረን እናስላ። መቀበያህ 5 ዴሲቤል የራሱ ጫጫታ አለው እንበል። ገመዱ 2፣ ስፕሊተሩ 3.5 ያባክናሉ። ድምር 10.5። አሁን አንቴናው ሥር 20 ዴሲቤል የምታጎላ፣ የራሷ ጫጫታ 1 ዴሲቤል የሆነች ማጉያ አስገባ። የጠቅላላው ሥርዓት ጫጫታ ወደ 1.3 ይወርዳል። ከ10.5 ወደ 1.3! ይህችኑ ማጉያ ታች፣ ከስፕሊተሩ በኋላ ብታስገባት ግን 6.5 አካባቢ ትቀራለህ። ገመዱና ስፕሊተሩ ያጠፉትን ከኋላ ሆና መመለስ አትችልም። ቅድም የጠፋው ጠፍቷል።

ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ኤፍ ኤም ነው። ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ያሉት የከተማው ጣቢያዎች ከሳተላይቱ በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣሉ። ማጉያዋን ያፍኗታል። ኤፍ ኤምን የሚያግድ ማጣሪያ ከማጉያዋ በፊት አስገባ። ግማሽ ዴሲቤል ያህል ብታጣም ይገባዋል። ሁለተኛው ኤሌክትሪኩ ነው። ማጉያዋ ኃይል የምታገኘው በገመዱ በኩል ከሆነ ስፕሊተርህ ቢያንስ በአንዱ መውጫ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ መሆን አለበት። ሁለቱም መቀበያዎች ኃይል እንዲልኩ አታድርግ፤ አንዱ ብቻ ይላክ። የሌላኛውን መውጫ መንገድ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ካፓሲተር ዝጋው።

ገመድህንም እየው። ቀጭኑ አርጂ 58 የሚባለው በ100 ሜጋኸርዝ በ100 ሜትር 16 ዴሲቤል ያህል ይበላል። የዲሽ ገመድ የሆነው አርጂ 6 ግን 6 እና 7 መካከል ነው። ርካሹ የዲሽ ገመድ እዚህ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። አንድ ዲሽ አለን። ሳሎን አንድ ሪሲቨር፣ የልጆቹ ክፍል አንድ ሪሲቨር። ሠራተኛው በስፕሊተር አገናኝቶልን ሄደ። አሁን ልጆቹ ቻናል ሲቀይሩ የእኛ «ሲግናል የለም» ይላል። ስፕሊተሩ ነው የተበላሸው?

መልስ፦ ስፕሊተሩ ደህና ነው፣ እህቴ። ቦታው ግን አይደለም። የዲሽ ነገር ከሬዲዮ የሚለየው ሪሲቨሩ ወደ ላይ ትእዛዝ ስለሚልክ ነው። ሪሲቨሩ በገመዱ 13 ቮልት ሲልክ ዲሹ ላይ ያለው መቀበያ ራስ፣ ኤል ኤን ቢ የሚባለው፣ ቀጥ ያለውን ሞገድ ይቀበላል። 18 ቮልት ሲልክ አግድሙን። ከዚያ ሌላ የ22 ኪሎኸርዝ ምልክት ልኮ ከፍተኛውን ወይም ዝቅተኛውን ባንድ ያስመርጠዋል። ኤል ኤን ቢው አንድ ስለሆነ በአንድ ጊዜ አንድ ትእዛዝ ነው የሚፈጽመው። ልጆቹ 18 ሲልኩ እናንተ 13 ብትፈልጉ የሚያሸንፈው 18ቱ ነው። በአጋጣሚ ሁለታችሁም የምታዩት ቻናል አንድ ዓይነት ትእዛዝ ሲፈልግ ብቻ ይሠራል።

የሚያስፈልግሽ ባለ ሁለት መውጫ ኤል ኤን ቢ ነው። ለእያንዳንዱ ሪሲቨር የራሱን ገመድ ትስቢያለሽ። ሁለቱም እንደፈለጉ ይቀይራሉ፣ የማከፋፈል ብክነትም የለም። ለአራት ክፍል ባለ አራት አለ። ጎረቤቶች በአንድ ዲሽ ለመጠቀም ከተስማማችሁ ደግሞ ኳትሮ ኤል ኤን ቢ እና መልቲስዊች የሚባለው መሣሪያ አለ። ናይልሳትን በ7 ዲግሪ ምዕራብ፣ ኢትዮሳትን በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ለማየት ሁለት ዲሽ ላላቸው ሰዎች የሚገጠመው ባለ ሁለት መግቢያ ስዊች ሌላ ነገር ነው። እርሱ ሁለት ኤል ኤን ቢ ለአንድ ሪሲቨር ነው የሚያቀርበው። ገልብጦ ለሁለት ሪሲቨር ማድረግ አይቻልም። አሠራሩ እንዲህ ከቀረበልሽ አትቀበይ።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው። ለጥበቃና ለጥገና ሠራተኞች የእጅ ሬዲዮ አለን። ቢሮ ውስጥ ሁለት ቋሚ ሬዲዮ አስቀምጠናል፣ በተለያየ ቻናል። ጣራ ላይ ያለው አንቴና ግን አንድ ነው። በስፕሊተር ሁለቱን ብናገናኝ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። እባክዎ አያድርጉት።

እስካሁን ያወራሁት ስለሚቀበሉ ሬዲዮዎች ነው። የእርስዎ ይልካሉ። 5 ዋት የሚልክ ሬዲዮ አንዱ መውጫ ላይ፣ ሌላው ሬዲዮ ሁለተኛው መውጫ ላይ ነው እንበል። ጥሩ ስፕሊተር 20 ዴሲቤል ቢለያያቸው እንኳ 50 ሚሊዋት ወደ ሁለተኛው ሬዲዮ ይገባል። ያ ሬዲዮ በተለምዶ የሚቀበለው የአንድ ዋት አንድ ትሪሊዮንኛ አካባቢ ነው። የፊት ክፍሉ ሊቃጠል ይችላል። ስፕሊተሩ ራሱም ፌራይቷ ትንሽ ስለሆነች ይሞቃል፣ ይበላሻል። ከሚልኩትም ግማሹ ወደ አንቴናው አይደርስም።

ያለዎት ምርጫ እንደ ፍሪኩዌንሲዎቹ ነው። ሁለቱ ሬዲዮዎች በጣም የተራራቁ ባንዶች ላይ ከሆኑ፣ ለምሳሌ አንዱ 150 ሌላው 450 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ ዳይፕሌክሰር የሚባል ማጣሪያ ይግጠሙ። እርሱ ኃይሉን አያካፍልም፤ በባንድ ይለያል። ዝቅተኛው በአንድ በር፣ ከፍተኛው በሌላ በር ያልፋል። ብክነቱ ግማሽ ዴሲቤል እንኳ አይሞላም። አንድ አንቴና ላይ ሁለት ሬዲዮ በትንሽ ብክነት ለማሠራት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም፤ የሚቀበሉ ብቻ ለሆኑትም እንዲሁ። አንቴናው ሁለቱንም ባንድ የሚሸፍን መሆን ግን አለበት።

አንድ ባንድ ላይ ከሆኑና ቻናሎቹ ከተቀራረቡ ነገሩ ከባድና ውድ ነው። ትልልቅ የብረት ጣሳ የሚመስሉ ማጣሪያዎች ያስፈልጋሉ፣ በመሣሪያ ይስተካከላሉ። ለአንድ ሆቴል አይመከርም። ሁለተኛ አንቴና ይትከሉ፣ ከመጀመሪያው ጥቂት ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ አድርገው። አንዱ ከሌላው በላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ጎን ለጎን ከመሆን ይሻላል። ወይም አንድ ሰው ብቻ የሚሠራበት ክፍል ከሆነ አንድ ሬዲዮ ሁለት ቻናል እንዲከታተል ያድርጉት። በዚሁ አጋጣሚ የሬዲዮዎቻችሁ ፈቃድ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን መኖሩን ያረጋግጡ። ፍሪኩዌንሲው የተፈቀደላችሁ ካልሆነ የሌላ ሰው አገልግሎት ላይ ልትገቡ ትችላላችሁ።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። እናትና አባቴ አብረውን ይኖራሉ። ጣራ ሥር ባለው ክፍል ውስጥ የቴሌቪዥን አንቴና አለን፣ ከማጉያው ጋር። ለአባቴ ከዚያው አንቴና ወደ ሬዲዮው ኤፍ ኤም ልስብለት ብዬ በስፕሊተር አገናኘሁት። ቴሌቪዥኑ ጥሩ ነው፣ ሬዲዮው ግን ዝም ነው። ለምን?

መልስ፦ ማጉያውን ከፍተሽ እይው፣ ወይም ወረቀቱን አንብቢ። ብዙዎቹ የቴሌቪዥን ማጉያዎች ኤፍ ኤምን ሆን ብለው የሚያግድ ማጣሪያ አላቸው። ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ያለው የኤፍ ኤም ባንድ በቴሌቪዥን ቻናል 6 እና ቻናል 7 መካከል ነው የሚገኘው። አምራቾቹ ኃይለኛ የኤፍ ኤም ጣቢያ ቴሌቪዥኑን እንዳይረብሽ ብለው ይዘጉታል። አንዳንዱ ላይ ትንሽ ማብሪያና ማጥፊያ አለች፤ አጥፊያት። ማብሪያ ከሌለው ስፕሊተሩን ከማጉያው በፊት አድርጊው። አንዱን መውጫ ወደ ማጉያው፣ ሌላውን በቀጥታ ወደ አባትሽ ሬዲዮ። ማጉያው ኃይሉን የሚያገኘው በገመዱ ከታች ስለሆነ፣ በአዲሱ አቀማመጥ ከመመገቢያው እስከ ማጉያው ያለው ገመድ እንዳልተቋረጠ አረጋግጪ።

ቴሌቪዥኑ 3.5 ዴሲቤል ያጣል። ዋሽንግተን አካባቢ ከሆናችሁና ሲግናሉ ጠንካራ ከሆነ አታስተውሉትም። ማንኛውም ቻናል መቆራረጥ ከጀመረ ግን ስፕሊተሩን መልሰሽ አውጪው። ለአባትሽ ደግሞ ለብቻው አንድ ቀላል የኤፍ ኤም ዳይፖል ሥሪለት። እያንዳንዱ ክንድ 75 ሳንቲሜትር የሆነ ሁለት ሽቦ፣ መሐሉ ላይ የገመዱ ሁለት ጫፎች። ግድግዳ ላይ አግድም ዘርጊው። የዋሽንግተኑን ጣቢያ ደብልዩ ኤ ኤም ዩ 88.5ን መጀመሪያ ሞክሩት፤ እርሱ በደንብ ከገባ ሌሎቹንም ሽቦውን ትንሽ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞራችሁ ትይዟቸዋላችሁ።